አሜን የተባለለት ግድግዳ

እትዬ ትርፊትን ሳያውቅ ሆሳዕና ከተማን አውቃታለሁ የሚል ሰው ያናድደኛል። እኔ ከበቡሽ ከመንገዱ ማዶ፣ ደጄን ስከፍት የእሷ ደጅ ፊት ለፊቴ እየታየኝ ዕድሜዬን የጨረስኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ እኔ ልናገር፣ ሌላው ዝም ይበል። በእሷ ላይ የሆነው ነገር ትዝ ሲለኝ ዛሬም ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል። ሳልናገረውም አልሞትም።

እትዬ ትርፊት ከጉራጌ አገር በሙሽርነት ነው የመጣችው። ባሏ አቶ ወልደኪዳን ጨውና አቡጀዲ ይነግድ ነበር፤ ደህና ሰው፣ ድምፁ የማይሰማ። ልጅ አልሰጣቸውም። እሱ ሲሞት ሱቁን ዘጋችና በቀረው ጥሪት ከመኖሪያ ቤቷ ጋር አያይዛ፣ አንዱን ግድግዳ የጋራ አድርጋ፣ የሚከራይ ሁለት ክፍል ቤት ሠራች። የጭቃ ቤት ነው፣ ጣራው ቆርቆሮ። ግን እንዴት ያለ የጭቃ ቤት መሰላችሁ! ምርጊቱን በእጃችሁ ብትዳብሱት እንደ ሕፃን ጉንጭ ነው። እሷው ራሷ ቀሚሷን ሰብስባ፣ ጭቃውን በእጇ እያለሰለሰች ነው ያስመረገችው።

ሌላው አከራይ ፊቱ የሚታየው ወር ሲያልቅ ነው። እትዬ ትርፊት ግን የምትታየው ዝናብ ሲመጣ ነበር። ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ትመጣና የተከራዩ ቤት መሃል ላይ ቆማ ቀና ትላለች። አንዲት ጠብታ ካየች አለቀ። "ይሄ ማፍሰስ የጀመረው መቼ ነው? ለምን አልነገራችሁኝም?" ብላ ልክ ልካቸውን ትነግራቸዋለች። ኪራይ ያዘገየ ሰው አይፈራትም፤ ማፍሰሱን የደበቀ ሰው ነው የሚፈራት። አዲስ ተከራይ ሲገባም የምትለው ነገር ነበራት። "ግድግዳ ሥር ውሃ አትድፉ፣ ቦዩን ጥረጉ፣ ምስማር ከመምታታችሁ በፊት ጠይቁኝ። ሌላው የኔ ነው። እናንተ ኪራይ አለባችሁ፣ እኔ ደግሞ ደረቅ ቤት አለብኝ" ትላለች። ይህን ስትል ቀልድ የለም።

ከዚያ በ1967 የትርፍ ቤት አዋጅ መጣና የሚከራየውን ቤት ወረሱት። ቁልፉን ለቀበሌ አስረክባ ስትመለስ እኔ ደጄ ላይ ቆሜ እያለቀስኩ ጠበቅኳት። "አንቺን ምን ያስለቅስሻል? የምተኛበትን ትተውልኛል" አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ባሏ የሠራው፣ ባሏ የሞተበት ቤት ቀረላት። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን እትዬ ትርፊት በዚህች ምድር ላይ የምትፈራው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ እሱንም እንዳይወስዱባት። ስብሰባ ሲጠራ ከሁሉ ቀድማ ትገኛለች። መዋጮ ሲባል ትሰጣለች። እጅ አንሱ ሲባል ታነሳለች። ያቺ ተከራዮቿን ስታንቀጠቅጥ የነበረች ሴት ድምፅዋ ጠፋ።

በተወረሰው ቤት ቀበሌው ያስገባው መምህር ማቴዎስን ነው። የዳምቦያ ልጅ ነው፣ እዚሁ ሆሳዕና ሒሳብ ያስተምራል። ሚስቱ ጣቢታ ትባላለች፤ ሳቂታ፣ ለሰው የምትሆን። ጴንጤዎች ናቸው። መጠጥ የለ፣ ሲጋራ የለ፣ ስድብ የለ። ውሸትማ ጭራሽ! ማቴዎስ ሰው ቤት ተጋብዞ "ወጡ እንዴት ነው?" ቢሉት "ጨው በዝቶበታል" ብሎ የሚመልስ ሰው ነው። ስንቱን የቤት እመቤት አስቀየመ! እኛ ግን እንስቅበት ነበር፣ እንወደዋለንም።

ኪራዩ ለቀበሌ ይከፈላል። ጥገናውስ? ጥገናው የማን ነው? እስቲ ንገሩኝ። ተከራዩ እንዳይጠግን የመንግሥት ንብረት ነው፣ ያለ ፈቃድ ምስማር አይመታም። ቀበሌው እንዳይጠግን እንጨት የለም፣ ቆርቆሮ የለም፤ ያለው "ይታያል" የሚል መልስ ብቻ ነው። የድሮዋ ባለቤት ደግሞ እንኳን ልትጠግን ዞር ብላ ማየትም ፈርታለች። በዚህ መሃል ቤቱን የወረሰው ምስጥ ሆነ።

ምስጡ የገባው በጋራው ግድግዳ በኩል ነው። በ1972 ክረምት ግድግዳው በማቴዎስ በኩል ተሰንጥቆ ሆዱን ገፋ። ቋሚዎቹ ተበልተው አልቀዋል፤ በጣት ሲነኳቸው ዱቄት ናቸው። የሁለቱም ቤት ጣራ ደግሞ ያረፈው እዚያው ግድግዳ ላይ ነው። ከወደቀ የማቴዎስም ይወድቃል፣ የእትዬ ትርፊትም ይወድቃል። አንድ የቀረቻት ቤቷ በምስጥ አፍ ውስጥ ገባች ማለት ነው።

ማቴዎስ ቀበሌ ሄደ። ይታያል። ደግሞ ሄደ። አሁንም ይታያል። በመጨረሻ እትዬ ትርፊት ራሷ ፈራ ተባ እያለች ተነሳች፤ እኔም ብቻሽን አትሄጂም ብዬ ተከተልኳት። ሊቀመንበሩ ጓድ ጥሩሰው ቀድሞ ልብስ ሰፊ ነበር። ሌባ ነው ብል እዋሻለሁ፤ ጉቦ አይበላም፣ የሰው ነገር አይነካም። ግን ያቺን አዋጅ እንደ ዳዊት ደግሟት፣ ከእሷ ሌላ የሚታየው ነገር አልነበረም።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ግድግዳው ሊወድቅ ነው" አለችው።

"የማን ግድግዳ?" አላት።

"የጋራ ነው። በወዲህ የኔ፣ በወዲያ የመንግሥት።"

አገጩን እያሻሸ አሰበና "እንግዲያው በእርስዎ በኩል ያለውን ይጠግኑ። በመንግሥት በኩል ያለውን ግን እንዳይነኩ። የቀድሞ ባለቤት በተወረሰ ቤት እጇን ካስገባች ነገሩ ሌላ ትርጉም ይሰጠዋል" አላት።

ሳቅ ሊያመልጠኝ ነበር። ግድግዳ እንደ ሙክት ለሁለት ይከፈላል እንዴ? ምስጡንስ ማን ይንገረው? ልለው አፌ ላይ ሲደርስ እትዬ ትርፊት ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ዞር ብዬ ሳያት ፊቷ አመድ መስሏል። ሌላ ትርጉም የምትለዋ ቃል ናት ያስደነገጠቻት።

ለማቴዎስ ግን ትንሽ ቀዳዳ ተገኘለት። "ነዋሪው በራሱ ጉልበት ቢጠግን የቀበሌው ማኅበር አይቃወምም፤ ቤቱ ግን የመንግሥት እንደሆነ ይቀጥላል" አለው ሊቀመንበሩ። እንግዲህ ልብ በሉ! መጠገን የተከራዩ፣ ቤቱ የመንግሥት። ማቴዎስ ግን በጄ ብሎ ተቀበለና ደቦ ጠራ።

ዝናቡ ጋብ ብሎ ፀሐይ እንደወጣች ከሌሞ ገጠር የሚያውቃቸው ጎረምሶች መጡለት። ፊታውራሪያቸው አቶ ላምቤቦ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ልጆቻቸውን ማቴዎስ ያስተምራል። በጋሪ ጥድ ጭነው አመጡ። ጣራውን በድጋፍ እንጨት ወጥረው የበሰበሱትን ቋሚዎች እያወጡ አዲሱን ይተክሉ ጀመር። ደጅ ላይ ጭቃና ጭድ እየተረገጠ፣ በሀድይኛ እየተቀባበሉ ሲዘፍኑ ሰፈሩ ደመቀ። ጣቢታ አራስ ነበረች። ግድግዳው እላይዋ ላይ እንዳይወርድ ብላ እትዬ ትርፊት ከእነ ጨቅላዋ ወደ ራሷ ቤት አምጥታ፣ ራሷ አልጋ ላይ አስተኝታታለች።

እትዬ ትርፊትስ? ያን ቀን ጠዋት ጭቃ አልነካችም። እንጨት አላቀበለችም። "ይሄ ቋሚ ተጣመመ" እንኳን አላለችም፤ እሷ ናት እንግዲህ ይህን ዝም ያለችው! ደጇ ላይ ዱካ ስባ፣ ለሥራው ጀርባዋን ሰጥታ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ተቀመጠች። አላፊ አግዳሚው ባዶ እጇን እንዲያይላት ነው። አንጀቴን በላችው።

እኛ አገር ደቦ እንዴት እንደሆነ ለማያውቅ ልንገር። ጉልበቱ በነፃ ነው። ምሳው ግን የባለቤቱ ነው። የደቦ ሰው በልቶ ሲጠግብ ሽማግሌው ተነስቶ ያበላውን ይመርቃል፣ ሰው ሁሉ አሜን ይላል። ሳይጠግብ የሄደ የደቦ ሰው ካለ ያ ቤት ስሙ ጠፋ፤ ሲወራበት ይኖራል። ማቴዎስ ታዲያ ሚስቱ ተኝታበት ምን አዘጋጀ ብትሉኝ፣ ዳቦና ሻይ! ጭቃ ሲረግጥ ለዋለ ጎረምሳ ዳቦና ሻይ!

እትዬ ትርፊት ያንን የዳቦ ሳህን ስታይ ከዱካዋ ብድግ አለች። "ከበቡሽ፣ እነዚህ ልጆች በዚህ ሊሄዱ ነው? በኔ ደጅ?" አለችኝ።

"እትዬ፣ ሊቀመንበሩ ያለሽን ረሳሽው?" አልኳት።

"ግድግዳ አትንኪ ነው ያለኝ። ማብላት ምን አለበት? ምግብ ግድግዳ ነው እንዴ?"

እውነትም ምግብ ግድግዳ አይደለም። እኔም ይሄ አሳመነኝና ጎመኑን መክተፍ ጀመርኩ። እሷ አተካና ሠራች። ጉራጌ ሆና አተካና ስትሠራ የሀድያ ሴቶች ራሳቸው ይቀኑባታል፤ ቡላውን በቅቤና በወተት አብስላ፣ አይቡን ጨምራ፣ ቅቤው ላዩ ላይ ሲዋኝ። ቆጮውም ቀረበ፣ ጎመኑም ቀረበ፣ ሻሜታውም በጣሳ ዞረ። ጎረምሶቹ እጃቸውን ታጥበው ሲሰለፉ ፊታቸው ሁሉ ጥርስ ሆነ። እሷም ከስንት ዓመት በኋላ "ኧረ ብሉ! አንተ ምን ሆነህ ነው የምትሽኮረመመው?" እያለች ስትቆጣ ሰማኋት። የድሮዋ ትርፊት ተመለሰች ብዬ ደስ አለኝ።

በዚህ መሃል ጓድ ጥሩሰው ሥራውን ሊያይ መጣ። ሰው እየበላ መጥቶ ዝም ይባላል? ቦታ ለቀቁለት፣ እትዬ ትርፊት በእጇ አቀረበችለት። በላ። ኧረ እንዴት አድርጎ በላ! ጣቱን እስኪልስ በላ።

ሲጠገብ አቶ ላምቤቦ በትራቸውን ተደግፈው ተነሱ። መጀመሪያ በሀድይኛ፣ ቀጥሎ ሁላችንም እንድንሰማ በአማርኛ መረቁ። "አንቺ ያበላሽን፣ ይህን ቤት ያቆምሽ፣ ቤትሽ ይቁም!"

"አሜን!" አልን።

"ምስጥ አይግባው፣ እሳት አይንካው!"

"አሜን!"

"የዚህ ቤት እመቤት ሆይ፣ ደጅሽ አይዘጋ!"

እትዬ ትርፊት ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ፣ እንባዋ በጉንጯ እየወረደ፣ መንደሩ እስኪሰማት "አሜን!" አለች። ሁላችንም አልን። ጓድ ጥሩሰውም የጎረሰውን ሳይውጥ "አሜን" ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከዚያ ግን ሳህኑን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ። ወደ አዲሱ ግድግዳ አየ፤ ወደ እሷ አየ። እጁን ጠርጎ ሳይሰናበት ሄደ። ሥራ ጠርቶት ነው ብለን ተውነው።

እሑድ የቀበሌ ስብሰባ ነበር። ስለ ጽዳት ተወራ፣ ስለ ዘብ ተራ ተወራ፣ እኔ እንቅልፌ መጥቶ ነበር። በመጨረሻ ጓድ ጥሩሰው ተነስቶ "ወይዘሮ ትርፊት ወደ ፊት ይምጡ" ሲል ብንን አልኩ። እሷም እኔን አየችኝ። ምን አውቃለሁ? ነጠላዋን እያስተካከለች ወጣች።

"በተወረሰው ቤት ላይ የተጠራውን ደቦ ያበላው ማን ነው?" አላት።

"እኔ ነኝ። ልጅቷ አራስ ስለሆነች..."

"ሽማግሌው 'የዚህ ቤት እመቤት' ብለው ሲመርቁ እጅ ዘርግቶ አሜን ያለውስ?"

እኔ ክው አልኩ። ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ያኔ ገባኝ።

"ይመልሱልኝ እንጂ" አላት። "አሜን ያሉት ለየትኛው ቤት ነው?"

"ለምርቃቱ ነው ያልኩት" አለች። "ምርቃት ሲሰጡህ ዝም ይባላል እንዴ?"

ማቴዎስን ለምስክርነት ጠሩት። እፎይ አልኩ። ደቦውን የጠራው እሱ ነው፣ ፈቃድ ያገኘው እሱ ነው። "ጎረቤቴን እንድትሠራልኝ ለምኛት ነው፣ ምግቡ የኔ ነው" ቢል ነገሩ ያበቃል። ሊቀመንበሩም እኮ በሩን ከፍቶለታል። "መምህር፣ ደቦው ያንተ ነው። ምሳውን ያቀረብከው አንተ ነህ ወይስ እሷ?" አለው።

ማቴዎስ እትዬ ትርፊትን ያያል፣ መሬት ያያል። በል አንዴ ብቻ ዋሽ፣ እግዜር ይቅር ይልሃል እያልኩ በሆዴ ለመንኩት።

"ዳቦውና ሻዩ የኔ ነው" አለ። "ሌላው... ሌላው የእሷ ነው።"

"እንድትሠራልህ ጠይቀሃት ነበር?"

"አልጠየቅኋትም።"

አፈር ብላ! ጮኼ ልናገር ምንም አልቀረኝ። በዚያች ቅጽበት ጠላሁት። እትዬ ትርፊት ግን ቀና ብላ እንኳን አላየችውም፤ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል።

ከዚያ በላይ መቻል አቃተኝና ብድግ አልኩ። "ጓድ ሊቀመንበር! አንተም በልተሃል! አንተም አሜን ብለሃል! ጎርሰህ ነው ያልከው፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ!"

ሳቅ ፈነዳ። ለአንድ አፍታ ያዳንኳት መሰለኝ። እሱ ግን አልደነገጠም፣ አላፈረም፣ ቱግ እንኳን አላለም። "ብያለሁ" አለ ረጋ ብሎ። "እኔ አሜን ያልኩት ለመንግሥት ቤት ነው። ቁጭ በዪ።" ሳቁ እንደ ጠፋ ኩራዝ ድርግም አለ። እኔም ሳልፈልግ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ፍርዱን ተናገረ። ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፣ መርሳት ብችል ደስ ባለኝ። "በአዋጁ ለአንድ ሰው አንድ ቤት ነው። ወይዘሮ ትርፊት ሌላ ቤት እንዳላቸው በደቦና በምርቃት በሕዝብ ፊት አረጋግጠዋል። ማኅበሩ ማንንም ሜዳ ላይ አይጥልም። ስለዚህ አሜን ያሉለትን ቤት ይውሰዱ። ትርፉ፣ ማለትም አሁን የሚኖሩበት፣ የማኅበሩ ይሆናል። መምህር ማቴዎስ ልጅ ስለወለደ ሰፋ ወዳለው ይዛወራል።"

ወይ ጉድ! ወይ ጉድ! ሰው ባበላች ቤቷን! ሰው በመረቃት ቤቷን! እሱ እኮ ለራሱ አልፈለገውም፤ ደህና ሥራ የሠራ ሰው ፊት ነበር ፊቱ። እሱ ነው ይበልጥ ያስደነገጠኝ። ማቴዎስ "አልገባም! እኔ የእሷ ቤት አልገባም!" ብሎ ጮኸ። "አንተ ካልገባህ ሌላ ሰው ይገባል" አለውና ወደ ሕዝቡ ዞሮ "የምትደግፉ እጅ አንሱ" አለ።

እጆች ተነሱ። አንዱ አንዱን እያየ፣ ቀስ በቀስ። እኔ እጄን ቀሚሴ ውስጥ ወሽቄ ማን ማን እንዳነሳ ልለይ ዞር ዞር ስል የማንን እጅ አየሁ? የራሷን! እትዬ ትርፊት ፊት ለፊት እንደቆመች፣ ዓይኗ አንድ ቦታ ፈዞ፣ ቀኝ እጇን አንስታለች! እጅ አንሱ ሲባል ማንሳት ለምዶባት ነው። በራሷ ቤት ላይ ድምፅ ሰጠች። በስመ አብ ወወልድ! ጎኔ የነበረችው ጎረቤታችን አስካለች "እጇን አውርዱላት፣ ኧረ እጇን አውርዱላት" እያለች ታለቅስ ጀመር። የሚያወርድላት ግን አልተገኘም፣ ተቆጠረ።

ይግባኝ ብላ አውራጃ ጽሕፈት ቤት ድረስ በእግሯ ተመላለሰች። እዚያም ይታያል ነው የተባለችው። ቤቷ ከመግባቱ በፊት ማቴዎስ መጥቶ እግሯ ላይ ወደቀ። "እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ" ሲላት እኔ ፊቴን አዞርኩበት። እሷ ግን አነሳችው። "እውነት ስለተናገርክ ነው ይቅርታ የምትለኝ? ተነስ። ግባበት፣ ሌላ ከሚገባበት አንተ ግባበት" አለችው። ከዚያ በኋላ እኔም ልጠላው አልቻልኩም፤ ሰውዬው በአንድ ወር ውስጥ አርጅቷል።

ዕቃዋን ራሳችን ጎረቤቶቿ አሻገርንላት። የባሏን ሳጥን፣ አልጋዋን፣ ድስቶቿን፣ ይኸው ነው። የገባችበት ቤት ምርጊቱ ገና አልደረቀም፣ እርጥበቱ አጥንት ይበላል፤ ሳል ያዛት። ከሁሉም የገረመኝ ደግሞ አሁን ቤቱ በሕግ የእሷ ሆኖ ሳለ አንድ ምስማር አልመታችበትም። ተሰነጣጥቆ የደረቀውን ምርጊት "እንምረገው፣ እኔ ጭቃ አቦካልሻለሁ" ስላት "ተዪው ከበቡሽ፣ ደግሞ ምን ይሉኛል" ትላለች። በግድግዳው ማዶ ማቴዎስ የእሷን የድሮ ቤት ጣራ ለማስጠገን ቀበሌ ይመላለሳል። መልሱን ታውቁታላችሁ። ደቦ መጥራትማ ማን ደፍሮ! ሰፈራችን ውስጥ ከዚያ ወዲህ ደቦ የሚባል ነገር ቀረ። የማን ቤት ምን ሆኖ እንደሚያድር እያንዳንዱ ለብቻው ያውቃል።

ያ ሁሉ ያስደነገጠኝ ይመስለኝ ነበር። ለካ አልደነገጥኩም ነበር።

አንድ ቀን ጣቢታን ልጠይቅ ሄጄ፣ እትዬ ትርፊት ትኖርበት በነበረው ክፍል ውስጥ ተቀምጠን ስንጫወት ከደጅ "ቤቶች!" የሚል ድምፅ ሰማን። ቀጭን፣ የምታፍር ድምፅ። "ቤቶች! ሰው አለ?"

አወቅኳት፤ ግን ጆሮዬን አላመንኩትም። በዚያ በር ስንት ዘመን ወጥታ የገባች ሴት! ጣቢታ ሕፃኑን አስታቅፋኝ ሮጣ በሩን ከፈተች። እትዬ ትርፊት ለሕፃኑ ቅቤ በቅጠል ጠቅልላ ይዛ፣ ከደፉ ወዲያ ራቅ ብላ ቆማለች።

ጣቢታ እንባዋ መጣ። "እማማ! ምን ሆነው ነው የሚጣሩት? የራስዎ ቤት አይደለም እንዴ፣ ዝም ብለው አይገቡም?" አለቻት።

እትዬ ትርፊት ዘልላ የጣቢታን አፍ በመዳፏ ከደነችው። ቅቤው መሬት ወደቀ። ወደ ኋላዋ ዞራ መንገዱን አየች፣ ማዶውን አየች፣ ሰው እንደሌለ እስክታረጋግጥ እጇን አላነሳችም። እንዲያ ያለ ፍርሃት በሰው ዓይን ውስጥ አይቼ አላውቅም።

"ዝም በዪ! ዝም በዪ የኔ ልጅ!" አለቻት በሹክሹክታ። "ዳግመኛ እንዲህ እንዳትዪ። ያቺንም የቀረችኝን ቤት ልታስወስጂብኝ ነው?"

ጣቢታ አፏ እንደተያዘ ራሷን ነቀነቀች። እትዬ ትርፊትም እጇን ቀስ ብላ አወረደችና፣ ጎንበስ ብላ ቅቤውን ከመሬት አንስታ፣ "እንግዲህ ከፈቀድሽልኝ ልግባ?" አለቻት።